«ጠግቤያለሁ» የማይባልበት ቤት

አሰላሙ ዐለይኩም፣ ሰይዴ።

መቃብርህ ዘንድ ቆሜ ስትመልስልኝ እንደማልሰማህ ሁሉ አሁንም አልሰማህም። ግድ የለም፤ በሕይወት ሳለህም አፍህ ጉርሻ ከያዘ ሰላምታ የምትመልሰው በእጅህ ነበር።

ከተለየኸን ወዲህ ሁለተኛው ማሽላ ታጨደ። ዘንድሮ ጎርፉ በወቅቱ ወረደልን፤ ልጅህ መሐመድ ግን ወርዶ ወደ ማሳው አልጠለፈውም፣ ማሳውን ያጠጡልን ጎረቤቶች ናቸው። ምክንያቱን እነግርሃለሁ። የቤቱን ቆርቆሮ ንፋስ ገንጥሎት በአዲስ አስመታነው። እህል የምትቀብርበት ጉድጓድ ግን እንዳለ ነው። ልጆቹ ይደፈን ቢሉኝ እምቢ አልኩ፤ ያለዚያ ጉድጓድ እንቅልፍ እንደማይወስድህ አውቃለሁና።

ሙሽራ ሆኜ የገባሁ ሰሞን ትዝ ይልሃል? እንደ ወጉ አፍሬ፣ ሁለት ሦስቴ ጎርሼ «ጠግቤያለሁ» ብል ፊትህ ተለዋወጠ። እጅህን ሳትታጠብ ተነሥተህ ወጣህ። ለግልፍተኛ ሰጡኝ ብዬ አለቀስኩ። ነገሩን የነገርከኝ ከርመህ ነው። በስልሳ ስድስቱ ክፉ ቀን የሮቢት ማሳችሁ አመድ ሲሆን፣ እናትህ አንተን ይዛ ወደ ቆቦ በመኪናው መንገድ ዳር ወጣች። እፍኝ ንፍሮ ባገኘች ቁጥር ድርሻዋን ወደ አንተ ትገፋና «እኔ ጠግቤያለሁ፣ አንተ ብላ» ትልህ ነበር። ልጅ ነህ፤ አመንካት። አንድ ጠዋት ካደራችሁበት ግራር ሥር ብትቀሰቅሳት አልነቃችም።

ከዚያ በኋላ ያ ቃል በቤታችን አልተባለም። እኔም ልጆቹም በሆዳችን ቦታ ባይኖርም ዝም ብለን እንጎርስ ነበር። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይሉ የለ? አንተ ከሰርግ ማዕድ የመጨረሻው ተነሽ ነበርክ፤ ትሪውንም በጣትህ ጠርገህ። ስኳር አለብህ ሲሉህ «የሀብታም በሽታ ደረሰኝ» እያልክ ቀለድክ። ሲጋራውን ከጫቱ መለየት አቃተህ። ደረትህን ሲወጋህ ጨጓራ ነው ብለህ ዓመት ሙሉ ተልባ ጠጣህ። ወደ አዲስ አበባ የወሰድንህ ከበሩ እስከ ጓሮ መራመድ ሲያቅትህ ነው።

ሐኪሙ የልብህ ደም ሥሮች መደፈናቸውን፣ ከእግርህ የደም ሥር ተወስዶ በጎን ሌላ መተላለፊያ እንደሚሠራልህ ሲያስረዳን አንተ ሳቅህ መጣ። ደለል የሞላውን ቦይ ትቶ በጎን ሌላ መቅደድ አይደል፣ እኛ ይሄንን ቆቦ በየክረምቱ እንሠራዋለን አልከው። እሱም ወደደልህ። ግን ጎርፉ ያንኑ ደለል ይዞ ከመጣ አዲሱም ቦይ ይደፈናል አለህ። ስኳርህ ካልወረደ ቁስሉ እንደማይገጥም፣ ሲጋራው ሳንባህን እንደጎዳው፣ ኩላሊትህ እንደደከመ፣ ዘግይተህ መምጣትህም እንደሚከብድ አንድ በአንድ ነገረን። ቀዶ ጥገናው የመንገዱ እኩሌታ ነው፣ ሌላው እኩሌታ እቤታችሁ ነው አለ።

ቀዶ ጥገናው አማረ። እቤታችን ስንደርስ ግን ቆቦ ሊጠይቅህ መጣ። በእኛ አገር በሽተኛ በባዶ እጅ አይጠየቅም። መሐሉ ላይ ቅቤ የተኛበት ገንፎ፣ የበግ ቅቅል፣ ማር፣ ለስላሳ በሳጥን። እኔ በር ላይ ቆሜ ስኳር አለበት፣ አትስጡት እላለሁ፤ አንተ ከውስጥ ሆነህ ትጣራለህ። ያን ክፉ ቀን አብሮኝ ያለፈ ሰው እህል ይዞ መጥቶ ከደጄ አይመለስም አልከኝ። ከእያንዳንዱ ሳህን በላህ። አንዱንም ጠግቤያለሁ አላልከውም።

የደረትህ ቁስል አልገጥም አለ። መልሰን ስንወስድህ መመረዙ አጥንትህ ደርሶ ነበር። አስከሬንህን ይዘን በደሴ በኩል ስንመለስ አላለቀስኩም፤ ተናድጄብህ ነበር። እውነቱን ልንገርህ፣ ንዴቱ አሁንም ሙሉ በሙሉ አልወጣልኝም። ሐኪሙን ገንፎው ነው ወይ የገደለው ብዬ ጠይቄዋለሁ። ገንፎው ብቻ አይደለም፣ የብዙ ዓመት ጥርቅም ነው አለኝ። እሱ ከዘረዘራቸው ውስጥ የእናትህ ቃል አልነበረበትም። እኔ ግን እቆጥረዋለሁ።

አሁን ወደ መሐመድ ልምጣልህ። ባለፈው ዓመት ጤፍ ጭኖ ከጎብዬ ሲመለስ ደረቱን ያዘው። ጨጓራ ነው ሊለኝ አፉን ሲከፍት ልብሱን አስይዤ በማግስቱ የአዲስ አበባ አውቶብስ ላይ አወጣሁት። ያንተው በሽታ፣ ያንተው ስኳር። ሲጋራውን አስጣልኩት፤ እንዴት እንዳስጣልኩት አትጠይቀኝ፣ አሁንም አኩርፎኛል። ስኳሩ ወርዶ ሐኪሙ ደስ እስኪለው ጠበቅን፤ ከዚያ ተሠራለት።

ከመመለሳችን በፊት ለጎረቤቱ ሁሉ አስቀድሜ ላክሁ፤ በዱዓ እንጂ በሳህን አትምጡብኝ ብዬ። ቅር አላቸው። ዘይነባ የሰው እህል ናቀች ተባልኩ። አንተ የምታከብራቸው ሽማግሌ ናቸው ያስታረቁን። እህል የሰነቀ ሰው እህሉን አገራቸውን ትተው መስጊዳችን ቁርኣን ለሚቀሩት ተማሪዎች፣ ለደረሶቹ ያድርስ፣ ዱዓውን ወደ ዘይነባ ቤት ያምጣ አሉ። እንዲያ ሆነ። ገንፎው ወደ መስጊድ፣ ጠያቂው ወደ እኛ። መሐመድ አሁን ጠዋት ጠዋት እስከ አስፋልቱ እየተራመደ ይመለሳል።

ትናንት ምሳ ላይ ግማሹን ትቶ ጠግቤያለሁ አለ፤ እንዲሁ፣ እንደ ማንም ሰው። እጄ ትሪው ላይ ቀረ። ዐይኔ ወደ አንተ መቀመጫ ሄደ። ከዚያ በሸሚዙ ክፍተት በኩል የደረቱን ጠባሳ አየሁት፤ ደርቆ ገጥሟል። አልሐምዱሊላህ ብዬ ትሪውን አነሣሁ። ብታይ ትቆጣ ነበር፤ ቆይተህ ግን ታለቅስ ነበር።

አልረሳህም፣ ሰይዴ። እናትህንም፣ ባላያትም፣ አልረሳትም። በየጁምዓው በሷ ስም ለደረሶቹ ንፍሮ በድስት ይዤ እሄዳለሁ። በልተው ሲያበቁ ጠግበናል ይሉኛል። እኔም ክዳኑን ከፍቼ አያለሁ፤ ተርፎ ሳገኘው አምናቸዋለሁ።