ጣሪያው ለምን ክብ ሆነ

ለውድ አባቴ ለአቶ ሽፈራው ሳህሌ፦

አባዬ፣ እንደምን ሰንብተሃል? ጉልበትህስ እንዴት አደረገህ? ጾሙ አልከበደህም? እማዬስ፣ ደም ግፊቷ ወረደላት? ቢሩክና ሐምራዊትስ እንዴት ናቸው? ጎረቤቱ ሁሉ በዚህ ክፉ በሽታ መሃል እንዴት ከረመ? እኔ ናፍቆታችሁ ካልሆነ በቀር ምንም አልጎደለብኝም። እዚህ አበባው ከፈካ በኋላ ትናንት በረዶ ጥሎበት አደረ። አገሩ ራሱ ወሩ የጠፋበት ይመስላል።

በስልክ ያልነገርኩህ ነገር አለ። ብነግርህ «ተይ ልጄ፣ ከትልቅ ሰው ጋር አትከራከሪ» ትለኛለህ፤ እኔም አልቅሼ እዘጋዋለሁ። እትዬ ማዘንጊያ ቅዳሜ ተነሥተው ለሆሳዕና እናንተ ጋ ስለሚደርሱ፣ በእሳቸው እጅ ልኬዋለሁ። መነጽርህን አድርግና እስከ መጨረሻው አንብበው።

እንደምታውቀው ግሮቭ ሲቲ መጋዘን ውስጥ ካርቶን እያነሣሁ፣ ከሥራ መልስ ኮሌጅ እማራለሁ። ዘንድሮ የሕንፃ ታሪክ ወስጄ፣ መምህሩ ስለ ጥንት ሮማውያን የሕዝብ መታጠቢያ ቤት ጻፉ አለን። ርዕሱን ሳይ ብቻዬን ሳቅኩ። እኔ ያደግሁት የት ሆነና!

አባዬ፣ ያንን ቤት አንተ ብታየው! ወለሉ መሬት ላይ አላረፈም፤ በአጫጭር የጡብ ምሰሶዎች ላይ ቆሟል። ከጎን እሳት ይነዳል፤ ትኩሱ አየር በምሰሶዎቹ መሃል አልፎ፣ በግድግዳው ውስጥ በተቀበሩ ውስጠ ክፍት ሸክላዎች ሽቅብ ይወጣል። ሰው መጀመሪያ ለብ ያለው ክፍል ይገባል፤ ቀጥሎ ትኩሱ፣ በመጨረሻ ቀዝቃዛው ገንዳ። አንተ «ሰውነትን ሳታስደነግጡ» የምትለው መሆኑ ነው። ሰዉ የሚሄደው እድፍ ለማስለቀቅ ብቻ አልነበረም። ወሬው፣ ንግዱ፣ እርቁ፣ ሐሜቱ እዚያ ነው። ሹሙም ጫኝና አውራጁም ልብሱን አውልቆ አንድ ውሃ ውስጥ ይገባል። እኩል ነበሩ ማለቴ ግን አይደለም። ሀብታሙ ጀርባውን የሚያሽለት ባሪያ አስከትሎ ይመጣል። በአንድ የማዕድን ሰፈር ደግሞ ሴቶች ጠዋት ብቻ፣ ያውም ከወንዶቹ እጥፍ ከፍለው ነበር የሚታጠቡት። ይህን ሳነብ ደሜ ፈላ። አንተ እኮ ለዳኛውም ለሊስትሮውም «ተራህን ጠብቅ፣ ውሃው አያልቅም» ነበር የምትለው።

ጽሑፌን ካስረከብኩ ከሳምንት በኋላ መምህሩ ሁለት ቦታ በቀይ አስምሮበት መለሰልኝ። አንደኛው፣ የትኩሱ ክፍል ጣሪያ ክብ የሆነው እንፋሎቱ ሲቀዘቅዝ ጠብታው የሰው ጀርባ ላይ እንዳያርፍ፣ በግድግዳው ተንሸራቶ እንዲወርድ ነው ያልኩት ነው። ሁለተኛው፣ ቤቱ አብዛኛውን ጊዜ በስምንት ሰዓት፣ ማለትም ከምሳ በኋላ ይከፈት ነበር፤ እሳቱ ጠዋቱን ሙሉ ወለሉን ሲያሞቅ ይቆያልና ያልኩት። «እነዚህ የአንቺ ሐሳቦች አይደሉም። ከሰጠኋችሁ ንባብ ውስጥ የሉም። የጣሪያውን አንድ ተመራማሪ ጽፈውታል፤ ከእሳቸው ገልብጠሻል» አለኝ። ጥፋቴን አምኜ ከፈረምኩ በግማሽ ነጥብ አልፋለሁ። አልፈርምም ካልኩ ኮሚቴ ፊት እቀርባለሁ፤ ኮሚቴው ከፈረደብኝ ደግሞ እባረራለሁ።

ሊንደን ሰፈር ቤት የምትጋራኝን ራቢያን ታውቃታለህ፤ በስልክ የምታስቅህን። «አንቺ ልጅ፣ ለሞተ ሰው ጣሪያ ብለሽ ልትባረሪ ነው? ፈርሚና ተገላገይ!» አለችኝ። እሷ በረመዳን፣ እኔ በሁዳዴ፤ ሁለት የተራብን ሴቶች ስንጨቃጨቅ ብታየን! «ያባቴን ነገር ሰረቅኩ ብዬ አልፈርምም» አልኳት። «እንግዲያው ጥፊ!» አለችኝና፣ ማፍጠሪያዋ ሲደርስ የእኔን ምስር ለብቻ ሠርታ አቀረበችልኝ።

ትናንት ኮሚቴው በኮምፒውተር ሰበሰበኝ። ሦስት ናቸው። ሰዓቱን ከየት አገኘሽው አሉኝ። ስሄድ የገዛህልኝን የእጅ ሰዓት ወደ ካሜራው አስጠጋሁት። እስካሁን በእኛ አቆጣጠር ነው የምሞላው፤ መጋዘን ውስጥ ሁሉም ይስቁብኛል። የእነሱ ሰዓት ሁለት ይላል፣ የእኔ ስምንት። «ንባቡ ‹ስምንተኛው ሰዓት› ብቻ ነው የሚለው። እኛ ቀኑን ከንጋት እንቆጥራለን፤ ሮማውያንም እንደዚያው። እንዲህ ያለ ነገር ከማንም አይሰረቅም» አልኳቸው። አንዷ አሮጊት መምህርት ከት ብለው ሳቁ። እሳቸውም እስከ ዛሬ በእነሱ ስምንት ሰዓት፣ ጠዋት የሚከፈት ይመስላቸው ነበር አሉ።

ቀጠሉና ስለ ጣሪያው ጠየቁኝ። ከአባቴ ሰምቼ ነው አልኩ። «አባትሽ ሥራቸው ምንድን ነው?» አሉኝ። አባዬ፣ እዚህ ላይ ዝም አልኩ። በስልክ ልነግርህ ያልቻልኩት ይህንን ዝምታ ነው።

ዘጠነኛ ክፍል ስትመዘግበኝ ትዝ ይልሃል? ፎርሙ ላይ «የአባት ሥራ» የሚል መስመር ነበር። ልጆቹ እንዳይስቁብኝ «ኢንጂነር ብለህ ጻፍ» ብዬ እጅጌህን ይዤ ለመንኩህ። ቀና ብለህ አየኸኝ፤ ጣቶችህ ከጠዋቱ ገንዳ እንደተጨማደዱ ነበሩ። እንዳልኩህ ጻፍክልኝ። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አንሥተህብኝ አታውቅም። ያቺን ቃል ትናንትም ልላት አፌ ላይ ደርሳ ነበር፤ ኢንጂነር ብላቸው በቀላሉ ባመኑኝ። አላልኳትም።

«አባቴ ሠላሳ አንድ ዓመት የሕዝብ መታጠቢያ ቤት ገንዳ ያጠበ፣ ፍሉን ውሃ ከቀዝቃዛው ያመጣጠነ፣ ተራ የጠራ ሰው ነው» አልኩ። «የእኛ ቤት ጣሪያ ጠፍጣፋ ነበር። ቀዝቃዛ ጠብታ ጀርባቸው ላይ ጠብ ሲል ሰዎች ይጮኹ ነበር። አባቴ በመጥረጊያ እንጨት ላይ ጨርቅ ጠምጥሞ፣ በየተራው መካከል ጣሪያውን ያደርቅ ነበር። ‹ክብ አድርገው ቢሠሩት እኔም አርፍ ነበር› ይል ነበር። ተመራማሪው በመጽሐፍ ደረሱበት፤ አባቴ ትከሻው እያመመው ደረሰበት።»

ተማከሩና እንዲህ አሉኝ፦ አባትሽ ይህንኑ በእጃቸው ጽፈው ከፈረሙ ምንጭሽ እሳቸው ይሆናሉ፤ ክሱም ይነሣል። እስከ ጸሎተ ሐሙስ ካልደረሰ ግን ክሱ ይጸናል። ስለዚህ አባዬ፣ አንድ ገጽ ጻፍልኝ። ስለ ጣሪያው፣ ስለ ጨርቁ፣ ስለ ጠብታው። አታሳምረው፤ እንደምታወራው ይሁን። ቢሩክ በስልኩ አንሥቶ ይላክልኝ፤ ተርጓሚዋ እኔ ነኝ።

እማዬን ጉልበቷን ስሜያለሁ በልልኝ፤ መድኃኒቷን ለጾም ብላ እንዳታቋርጥ። ቢሩክ ፎቶውን አጥርቶ ካነሣልኝ ጫማ እልክለታለሁ። ሐምራዊትን አገላብጠህ ሳምልኝ፤ ዘንድሮ ዘጠነኛ ክፍል ገብታ የለ፣ ይህን ደብዳቤ እሷም ታንብበው። አብረውህ ይሠሩ የነበሩትን እትዬ እናናዬን ለኮሚቴው ስላነሣኋቸው ስማቸው ኦሃዮ ድረስ ተጠርቷል በላቸው፤ የሴቶቹን ክፍል ጣሪያ ያደርቁ የነበሩት እሳቸው ናቸውና። ራቢያም ሰላም ብላሃለች።

ከፊርማህ በላይ ስምህን ጻፍ። ከስምህ በታች ሥራህን ጻፍ። አባዬ፣ አሁን የምለምንህ እውነተኛውን እንድትጽፍልኝ ነው፤ በትልልቅ ፊደል።

ልጅህ ሩሃማ ሽፈራው
ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ
ሚያዝያ 13 ቀን 2013 ዓ.ም.