ጎኑ የጎደለው ሳንቲም

ውድ ገንዘብ ያዤ፣

በዚህ ስም ስጠራሽ «ሚስትህ ነኝ እንጂ ቅጥረኛህ አይደለሁም» ትይኝ ነበር። ምን ላድርግ፣ ዳቦ ቤታችንን ሳስብ የምትታዪኝ ከሒሳብ መሳቢያው ጀርባ ነው፤ በአንድ ዓይን ደንበኛውን፣ በሌላው እኔንና ምድጃውን እየጠበቅሽ። ከቀበርንሽ ወዲህ ቦታሽን ልጃችን ይዛዋለች። ሰሞኑን ያንን ሲጢጥ የሚል ወንበርሽን አንስታ አዲስ ብታስገባ ክፉ ተናገርኳት። ይኸው ተኳርፈናል።

ያ ጎኑን አይጥ የነከሰው የሚመስለው ሳንቲም ትዝ ይልሻል? ከመሳቢያው አውጥተሽ «እየው፣ ሲወለድ ነው እንዲህ» አልሽኝ። እኔ ደግሞ «ተቆርጦ ነው፤ ሞኝ አገኙና በጉጠት የገመጡትን አስታቀፉሽ» አልኩሽ። ልጅ ወልደን፣ ድረን፣ ክርክሩ አላለቀም። በሌላ ነገር ስንኳረፍ እንኳ ሳንቲሙን ከሻይ ብርጭቆዬ አጠገብ ታስቀምጪና «ሲወለድ ነው» ትያለሽ። እኔ «ተቆርጦ ነው» እላለሁ። በቃ፣ ታረቅን።

«ለሚያውቅ ሰው አሳየውና ይለይልህ» ስትይኝ ነገ እያልኩ አስረዘምኩት። ከተለየልን በኋላ በምን እንታረቃለን ብዬ ነበር።

አሁን እኔም ሳንቲም ሰብሳቢ ሆኛለሁ፤ ሳቂብኝ። አጉሊ መነጽር ገዛሁ። በዱቄቱ ሚዛን ልመዝን ብሞክር መርፌው ንቅንቅም አላለም። ሲታተሙ የተበላሹ የመሰሉኝን ሁሉ ለቃቅሜ ሰዓት ሠሪው ጋ ሄድኩ፤ እሱ የቆየ ሰብሳቢ ነው። «ይሄን መኪና ረግጦት ነው፣ ይሄን አሲድ በልቶት ነው» እያለ አንድ በአንድ መለሰልኝ። በመጨረሻ ያንቺን አወጣሁ።

የጎደለውን ጎን ብዙም አላየውም። አዙሮ ከትይዩ ያለውን ጠርዝ ተመለከተ።

«እዚህ ጋ ጠርዙ ሳስቷል፣ አዩት ጋሼ?»

«አርጅቶ ይሆናላ።»

«አይደለም። ሳንቲም ከመታተሙ በፊት ማሽን ዙሪያውን ጨምቆ ጠርዝ ያወጣለታል። አንድ ጎኑ ቀድሞ ከጎደለ፣ ትይዩው የሚደገፍበት ያጣና ጠርዙ በደንብ አይወጣም። በኋላ ቢቆረጥ ኖሮ ያኛው ወገን ምንም አይሆንም ነበር። ይሄ ሲወለድ ነው።»

አንቺ የነገርሽው መሰለኝ። ሰውየው የሚያወራው ስለ ሳንቲም ነበር፤ እኔ የማስበው ግን ቤታችንን ነበር። እንባዬ መጣ። ሰዓት ሠሪው ደግ ሰው ነው፤ ወደ ሰዓቶቹ ዞረ።

እንግዲህ ረትተሽኛል። ናፍቀሽኛልም።

ዛሬ ጠዋት ልጃችን ሻይዋን ይዛ ስትቀመጥ ሳንቲሙን ከብርጭቆዋ አጠገብ አስቀመጥኩት።

«ሲወለድ ነው» አልኳት።

ክርክራችንን እየሰማች ያደገች ልጅ ናት። ሳንቲሙን አየች፤ እኔን አየች። ዓይኗን ጠረገችና ብርጭቆዋን ወደ እኔ ጠጋ አደረገች።

«ተቆርጦ ነው» አለች።

የተረታው ባልሽ፣
ዳቦ ጋጋሪው