የማራኪ ሽማግሌዎች የመጡ ዕለት

ቤቴል፣ ታኅሣሥ 6 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለማራኪ አባት ለዳኛቸው፤

እንደምን ሰነበትክ? እኔ ከንዴት በቀር ደህና ነኝ። ስልክህ የጦር ሰፈሩ በር ላይ ስለሚቀር ይህን በባልደረባህ በኢብራር እጅ ልኬልሃለሁ።

ትናንት ልጅህን ለዮኤል የሚጠይቁት ሽማግሌዎች ከሳንሱሲ መጡ። "ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም" ብለው ሳሎን ገብተው በሩ ሥር ቆሙ። እመጣለሁ ብለህ ቀረህ፤ ምን ልበል? "አባቷን ጉንፋን ጥሎት ነው" አልኩ።

ወዲያው ቴሌቪዥኑ ላይ ማን ብቅ ቢል ጥሩ ነው? አንተ! ከቢሾፍቱ፣ በቀጥታ! የአሮጌ ጄት ሆድ እንደ እርሻ በሬ እየደባበስክ፦ "በጃንሆይ ጊዜ ስዊድኖች እዚህ አሠለጠኑ፤ ቀጥሎ የአሜሪካ ጄት ገባ፤ በደርግ ሚግ መጣ፤ ዛሬ ደግሞ አብራሪ የማይቀመጥበት አለን" ትላለህ፣ ፊትህ በርቶ። አባት የማያስፈልጋት ልጅ ግን ገና አልተወለደችም!

የሽማግሌዎቹ አንጋፋ አቶ ይገዙ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው፣ "ወይዘሮ ተሻለች፣ ጉንፋኑ በአውሮፕላን ነው እንዴ የሄደው?" አሉኝ። ሌሎቹ ሳቃቸውን በጋቢያቸው አፈኑ። የማራኪ ልቅሶ ከጓዳ ሳሎን ድረስ ተሰማ።

መንግሥት ሲለወጥ ታስረህ ስንቅ ያመላለስኩት እኔ። ማራኪን አራስ ቤት ጥለህ ለባድመ ስትሮጥ ዝም ያልኩትም እኔ። ያኔ አገር ተወሮ ነው፣ እሺ። አሁንስ? በጡረታህ ተመልሰህ የአየር ኃይሉን ልጆች አስተምር፣ አልጠላሁም። ግን ዛሬ ጠዋት ኢብራርን ብጠይቀው፣ "እንዳይመጡ ማንም አልከለከላቸውም፤ ጋሼ ራሳቸው 'የጦር ሰፈሩን እንግዶች እኔ ላስጎብኝ' ብለው ነው የቀሩት" አለኝ። ራስህ!

አቶ ይገዙ "አባት ሲገኝ እንመለሳለን" ብለው ሊወጡ ሲዞሩ በሩን ዘጋሁባቸው።

"አባቷ አውሮፕላን እየዳረ ነው፤ ልጅቷን የምድር እኔ ነኝ። ተቀመጡ!"

"የእናት ቃል ብቻውን እኮ..."

"ያሳደጋት ማን ሆነና?"

ተያዩ። ተቀመጡ። ሰጠኋት፣ ዳኛቸው። ለዮኤል ሰጠኋት።

ሠርጉ ጥር 17 እሁድ ነው። ጉልበት በምትስምበት ሰዓት ወንድምህ በቦታህ ይቀመጥ ብላት፣ "እማዬ፣ የአባዬን ወንበር ባዶውን ተዪው" አለችኝ። እንግዲህ ልጅህ ባዶ ወንበር ፊት ከተንበረከከች፣ እኔና አንተ ዳግም አንድ ማዕድ አንቀርብም።

ከላይ ከሚበረውም ከታች ከሚሄደውም ክፉ መድኃኔዓለም ይጠብቅህ። በቴሌቪዥን ከስተህ አየሁህ። ያናደደኝ እሱም ጭምር ነው።

ተሻለች