የቅዳሜው ውሃ

ለምወድሽ ለእታለም፣

ይህ ወረቀት እጅሽ ሲገባ የወገብሽ ሕመም ለቆሽ፣ ባልሽም ልጆችሽም በደህና ውለው በደህና አድረው ያግኝሽ። እኔ ደህና ነኝ። ከዚህ ቀጥሎ «እግዚአብሔር ይመስገን» ብዬ መጻፍ ነበረብኝ፤ እዚያ ላይ ስደርስ ብዕሩን እያስቀመጥኩ ነው የቆየሁት። መልሴ የዘገየው ጨክኜብሽ አይደለም።

ከሞት ተርፈሽ ምስጋናሽን ለጉባኤው አቀረብሽ ወይ ብለሽ ጠይቀሽኛል። የሆነውን ልንገርሽ፤ ቁጣሽን ግን አንብበሽ እስክትጨርሺ አቆዪልኝ።

የምሠራበት ላውንደሪ ውስጥ የእንፋሎት ማፍያው ቦይለር የፈነዳ ዕለት የሆነውን በስልክ ቁርጥራጩን ብቻ ነው የሰማሽው። እኔና ሳቂታ ጎን ለጎን ቆመን ነበር ልብስ የምንተኩሰው። ሳቂታ ያልናት ቀልዱ ሳያልቅ ስለምትስቅ ነው፤ ሳቋ እየተጋባበት ቀልዱን የጀመረው ሰው ራሱ መጨረሻውን ይረሳዋል። የዚያን ዕለት ጠዋት መተኮሻው ጣቴን ልጦኝ ነበር። አየችና «ወዲያ ሂጂ፣ አንቺ አንሶላውን አስጪ፣ ማሽንሽን እኔ እይዘዋለሁ» ብላ በክርኗ ገፋችኝ። ግቢው ውስጥ ገመዱ ላይ እያሰጣሁ ሳለ ነው ግድግዳው የተናወጠው። እንፋሎቱ በበሩም በመስኮቱም ወጣ። እሷ አልወጣችም።

ከዚያ ወዲህ እታለም፣ ውስጤ ዝም ብሏል። ቀብሯ ላይ እንኳ አላለቀስኩም። ሰው ሲያወራኝ ከግድግዳ ማዶ የሚያወራ ይመስለኛል። እበላለሁ፣ ጨው ይኑረው አይኑረው አላውቅም። አዝኛለሁ ብልሽ ውሸት ነው፤ ደስ ብሎኛል ብልሽም ውሸት ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ውሃ አፍልቼ አላውቅም፤ ሻይ ካማረኝም፣ አያምረኝም እንጂ፣ ሰው ቤት ነው የምጠጣው።

መጋቢያችን ግን ደስ ብሏቸው «እሑድ ትመሰክሪያለሽ» አሉኝ። እሺ አልኳቸው። እምቢ ለማለትም ጉልበት ይጠይቃል። እሑድ ወጥቼ ማይኩን ያዝኩ። ቀና ስል የሳቂታ እናት በግድግዳው በኩል ተቀምጠዋል፣ የልጃቸውን አረንጓዴ ሻርፕ አንገታቸው ላይ ጣል አድርገው። «እግዚአብሔር አተረፈኝ» ብል ያ ቃል እሳቸው ጆሮ ሲገባ ምን እንደሚሆን ታየኝ። እኔን ያተረፈ እሷንስ ምነው? «እንደምን አደራችሁ» ብዬ ተቀመጥኩ።

ሰው መቼም ዝም አይልም። የመዘምራኑ መሪ በር ላይ ጠብቃ «ከዚያ ሁሉ መዓት አውጥቶሽ፣ ያለሽ ነገር እንደምን አደራችሁ ብቻ ነው?» አለችኝ። ቀልድ ይሁን ተግሣጽ አልለየሁትም። ከዚያ በኋላ እሑድ ሲመጣ በሬን ዘግቼ መተኛት ያዝኩ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በር ተንኳኳ። የሳቂታ እናት ናቸው። እማማ ይግቡ አልኩ፣ ገቡ፣ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ወለሉን አየሁ። እሳቸው ናቸው የጀመሩት። «ያን ጊዜ ለምን ተቀመጥሽ?» አሉኝ። እርስዎን አፍሬ ነው አልኳቸው። «እኔ እኮ ልሰማሽ ነበር የመጣሁት» አሉ። «ልጄ የሞተችበት ቀን ለአንድ ሰው እንኳ መልካም ነገር እንደነበረበት ከአፍሽ ልሰማ። እኔን አፍረሽ እግዚአብሔርን ታኮርፊዋለሽ?»

አላኮረፍኩም አልኳቸው። ለማኩረፍም ልብ ያስፈልጋል፣ የእኔ ባዶ ነው፣ በባዶ ልብ ማመስገን ማታለል ይሆንብኛል አልኳቸው። ይቆጡኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። እጄን ያዙና አገላብጠው አዩት። «ይሄስ ባዶ አይደለም። ትከሻዬ ታስሮ ክንዴ ወደ ላይ አልሄድ ብሎኛል። ቅዳሜ ቅዳሜ ፀጉሬን የምታጥበኝ ልጄ ነበረች። ከሄደች ወዲህ ሳልታጠብ አለሁ። ልብሽ እስኪመለስ እጅሽን ላኪልኝ» አሉኝ።

ቅዳሜ ሄድኩ። ውሃውን ማፍላት ግድ ሆነ። ማሰሮው ሲንተከተክ ክዳኑን ፊቴን አዙሬ ነው የከፈትኩት። እማማ አይተው እንዳላዩ ሆኑ። ቀዝቃዛ ቀላቀልኩ፣ በክርኔ ለካሁ፣ እማማ በርጩማው ላይ ተቀምጠው ሲያጎነብሱልኝ ማፍሰስ ጀመርኩ። ፀጉራቸው ሳስቶ የራስ ቅላቸው ከሥሩ እንደ ሕፃን ጭንቅላት ነው። ሳሙናው ዐይናቸው እንዳይገባ ግንባራቸውን በመዳፌ ከለልኩ። እንዳጎነበሱ «እሷ ናት አይደል ያስወጣችሽ?» አሉኝ። ለማንም አልተናገርኩም ነበር እኮ፣ እታለም። ማን ነገረዎት ብላቸው «ልጄን አላውቃትም እንዴ?» አሉ። ከዚያ «ውሃው ቀዝቅዟል፣ ትንሽ ትኩስ ጨምሪበት» አሉኝ። ጨመርኩ።

እንዲህ እያልኩ ቅዳሜ አላለፈኝም። የፀጉሩ ሲያልቅ አንሶላቸውን አጥባለሁ፣ ጎረቤታቸው ያለች አንዲት አራስ ደግሞ ሰው እንደሌላት አይቼ የሕፃኑን ጨርቅ ከእሳቸው አንሶላ ጋር እደርብላታለሁ። አገልግሎት ነው አልልሽም፣ የማውቀው ሥራ ስለሆነ ነው። መጋቢያችንን መንገድ ላይ ሳገኛቸው ጠየቅኳቸው፤ ምንም ሳይሰማው የሚያገለግል ሰውን እግዚአብሔር ይቀበለዋል ወይ ብዬ። ጥቅስ ያወጣሉ ብዬ ነበር። ጫማቸውን እያዩ «አንዳንድ እሑድ እኔም ሳይሰማኝ ነው የምሰብከው፣ ለሰው እንዳትነግሪ» አሉኝ። ላንቺ ነገርኩ እንግዲህ፣ አንቺ ሩቅ ነሽ።

ባለፈው እሑድ እማማ ከቤቴ ድረስ መጥተው ይዘውኝ ሄዱ። ከጎናቸው አስቀመጡኝ። የምስክርነት ሰዓት ሲደርስ ክንዴን ተደግፈው ተነሡ፤ እኔም ደግፌያቸው መቆሜ ነው እንጂ ሌላ አላሰብኩም። ማይኩን እንኳ አልጠበቁም። «ይህችን ልጅ ስላስቀረህ ተመስገን» አሉ። ሌላ አልጨመሩም። የመዘምራኑ መሪ አንገቷን ደፋች። ቤቱ በሙሉ እኔን ይጠብቅ ነበር መሰለኝ።

አሜን አልኩ። አንድ ነገር ተሰማኝ ብዬ አልዋሽሽም። ማንም ሳያስገድደኝ ግን አልኩት።

ነይና ቤትሽ ግቢ፣ አልጋሽ ተነጥፏል ብለሻል። እወድሻለሁ እታለም፣ ግን አሁን አልችልም። አንቺ ጋ የቀሩትን ልብሶቼን ብርዱ ሳይገባ ላኪልኝ፤ የምትልኪው ግን ወደ ድሮው ክፍሌ ሳይሆን ከዚህ በታች ወደ ጻፍኩልሽ አዲሱ አድራሻ፣ ወደ እማማ ቤት ነው። ደብዳቤ ስትጽፊም ከእኔ ቀጥሎ ለእማማ አንድ መስመር ሰላምታ ጨምሪበት፤ እኔ ነኝ የማነብላቸው።

የምትረግጪው ሁሉ ይለስልስልሽ፣ የልጆችሽን ወግ ማዕረግ ያሳይሽ፣ እጅሽ ከመስጠት አይጠር።

ታናሽ እህትሽ