ማኅተሙ ስላዘነበለ የተመለሰው ማመልከቻ

ለክቡር አቶ ኦኩዳይራ፣ የያማሂዳ ኢንተርኔት ዋና ሥራ አስኪያጅ

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰንብተዋል? ሙሉ ጤና፣ በተለይም ያለ ማሽን የሚተነፍስ ሳንባ እመኝልዎታለሁ። «ለአዲሱ የኢንተርኔት አድራሻ ሥርዓት መቶ በመቶ ዝግጁ ነን» የሚለውን ማስታወቂያዎን በመንደራችን ፌርማታ ላይ አንብቤ ኮርቻለሁ፤ አውቶቡሱ ከቀረ ሦስት ዓመት ስለሆነው ረጋ ብሎ ለማንበብ ይመቻል። ምስጋናዬ እነሆ፦

1. አሮጌዎቹ አድራሻዎች ስላለቁብዎ የመንደራችንን ስልሳ ቤት በአንድ አድራሻ ስላጎሩን አመሰግናለሁ። ከመካከላችን አንዱ የማጭበርበሪያ መልእክት ሲረጭ የከተማው ክሊኒክ ኮምፒውተር ስልሳችንንም እንደ አንድ ሌባ ቆጥሮ ዘጋብን። የባለቤቴ የሴይጂሮ የኦክስጅን መለኪያ ግን በየደቂቃው ውጤቱን የሚልከው ለዚያው ክሊኒክ ነበር።

2. በአዲሱ ሥርዓት ለቤታችን የራሱ አድራሻ እንዲሰጠን ስንጠይቅ፣ የኢንተርኔት ድርጅት ሆናችሁ ሳለ ማመልከቻው በወረቀት ተሞልቶ፣ በፊርማ ፈንታ የውል ፈራሚው የግል ማኅተም አርፎበት፣ በፋክስ ይላክ ስላላችሁ አመሰግናለሁ። ውል ፈራሚው ሴይጂሮ አርባ ዓመት የወረዳ ጸሐፊ ስለነበር እንደለመደው ማኅተሙን ወደ ግራ ዘንበል አድርጎ መታው፤ በእኛ ቢሮዎች ይህ ለአለቃ እጅ መንሳት ነው። ሠራተኛዎ «ጠሟል» ብሎ መለሰው። ብደውልለት «እማማ፣ ቀጥ አርገው ይምቱትና ይላኩት፤ እኔ ምን ላርግ፣ መመሪያ ነው» አለኝ። ሴይጂሮ በኦክስጅን ጭምብሉ ውስጥ ሳቀ፤ «ለነዚህ ሰዎች እጅ መንሳቴ ነዋ ጥፋቴ!» አለኝ። ለሁለተኛ ጊዜ ሲመታው ማኅተሙ አዳለጠውና ማመልከቻው እንደገና ተመለሰ። ለሦስተኛ ጊዜ እጁን ይዤ አብረን መታነው።

3. ቀጥ ያለውን ማኅተም «በአሥራ አምስት የሥራ ቀናት እናየዋለን» ስላላችሁ አመሰግናለሁ። በዘጠነኛው ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ እኔ ጓሮ ሽንኩርት ስነቅል የሴይጂሮ ኦክስጅን ወረደ። መለኪያው ሳይታክት ላከ፤ የተቀበለው ግን አልነበረም። መልእክቱ ቢደርሳት የክሊኒኩ ነርስ በሃያ ደቂቃ ትደርስ ነበር። እኔ የደረስኩት እጁ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው። ክቡርነትዎን እስክሞት ይቅር አልልም።

ለእርስዎም ለሠራተኞችዎም በየደረጃችሁ ጎንበስ ብዬ ምስጋናዬን የማቀርብ፣ የሃያ ሁለት ዓመት ታማኝ ደንበኛዎ፣

ኩሩሺማ ፉሚዬ

ማሳሰቢያ፦ ማመልከቻው መፅደቁን የሚያበስረው ደብዳቤዎ ትናንት ደረሰን። ሐሙስ ቴክኒሻን ሲመጣ ውል ፈራሚው ራሱ ቤት እንዲገኝ አዝዘዋል። አይስጉ፣ ይገኛል፤ በልማዳችን ከአስከሬን ማቃጠያው ያመጣነው አጽሙ እስከ አርባ ዘጠነኛው የሐዘን ቀን ድረስ ከቤት አይወጣም።