ሁዳዴ የሚጾም ጭፈራ ቤት

ረቡዕ

«ከአስተናጋጆቹ አንዷ» ይላል ከፎቶዬ ሥር። ስሜ እንኳ የለም። ባሕር ዳርቻው ከተማ ያለው፣ ድሮ የሠራሁበት የሚስተር ቼን ሕንፃ ሊፈርስ ነው፤ የከተማው ሰዎችም የቤቱን ታሪክ ጽፈው ኢንተርኔት ላይ አውጥተዋል። ሚስተር ቼንና ሚስቱ የቻይና ምግብ ቤት እንደከፈቱ፣ በኋላ ማታ ማታ ናይት ክለብ እንደሆነ፣ ሰው ከሩቅ እየነዳ ይመጣ እንደነበር፣ ሁሉም አለ። ክለቡን ማን እንዳሰበው ግን የለም።

እኔ ነኝ ያሰብኩት። ሳህን አጣቢ ሆኜ ነው የገባሁት። ብርዱ ገብቶ ዳርቻው ጭር ሲል፣ እነቼን ሊዘጉ ሲሉ፣ «ጠረጴዛውን ወደ ግድግዳ እንግፋና ሙዚቃ እንክፈት» ያልኩት እኔ ነኝ። ሙዚቀኛ የፈለግኩ እኔ፣ በር ላይ የቆምኩ እኔ፣ ሰካራም ያስወጣሁ እኔ። የአትላንታ ሐበሻ ያን ሁሉ መንገድ የነዳው ለኑድል መሰላቸው?

ፎቶው ላይ ፀጉሬ ጣሪያ ሊነካ ምንም አልቀረው። ቀሚሴ ትከሻ የለውም። ቆንጆ ነበርኩ። ይህንንም አልጻፉም።

ሐሙስ

የባሰ አለ። ፎቶው በቴሌግራም እየዞረ ነው። የልጄ እጮኛ የናሆም አክስት ለልጄ ለሶስና «እናትሽ መሸታ ቤት ነበራቸው እንዴ?» ብላ ላከችላት። የናሆም ሽማግሌዎች ሶስናን ሊጠይቁ የሚመጡት ቅዳሜ ነው። ቀን ጠብቆ መጣብኝ።

ፎቶውን የሚያዞሩትን አውቃቸዋለሁ። ግማሾቹ እዚያ ወለል ላይ ጫማቸውን የጨረሱ ናቸው። ዛሬ ነጠላ አጣፍተው ያማሉ።

ወንድሜ ጌታቸው ከሥራ በቀጥታ መጣ። የሶስና አባት ካረፈ ወዲህ ለሽማግሌ መልስ የሚሰጠው እሱ ነው። «ከጠየቁኝ ሬስቶራንት ውስጥ ነው የሠራችው እላለሁ። ውሸት አይደለም» አለኝ። ፈረንጁ አሳነሰኝ፣ ሐበሻው አማኝ፣ የገዛ ወንድሜ ደግሞ ሊደብቀኝ ነው። እራት እንኳ ብላ አላልኩትም።

ዓርብ

ሚድታውን ለሥራ እየሄድኩ የምንከባከባቸው አሮጊት ዘንድ ዋልኩ። ሾርባውን ሳማስል አይተው «ድስቱ ምን አደረገሽ?» አሉኝ። ፊቴ ላይ ይታያል ማለት ነው።

ማታ ሶስና ከምትኖርበት ከኬኔሶ መጣች። «ማሚ፣ ለምን አልነገርሽኝም? እኔ እኮ ሳህን ብቻ ያጠብሽ ነው የሚመስለኝ።»

«አልጠየቅሽኝማ።»

«እንዴ፣ ናይት ክለብ ነበረሽ ወይ ብሎ እናቱን የሚጠይቅ ማነው?»

እውነቷን ነው። ስለ ሁዳዴው ነገርኳት። ሁዳዴ ሲገባ ክለቡን እዘጋ ነበር። ሁዳዴ ደግሞ ስፕሪንግ ብሬክ በሚሉት የተማሪ ዕረፍት ላይ ነው የሚውለው፤ ተማሪው ሁሉ ዳርቻውን የሚያጥለቀልቅበት፣ ጎረቤቶቻችን የዓመቱን ገበያ የሚያገኙበት። እኛ በር ላይ «እስከ ፋሲካ ዝግ ነው» ብለን እንለጥፋለን። ምግብ ቤቱ ይሠራል፣ ሙዚቃው ይጾማል። ሚስተር ቼን ፀጉሩን ሲነጭ ከርሞ ለፋሲካ ራሱ አምፖሉን ያበራልኛል። አርጅቶ እስኪሸጠው ድረስ በዚህ ተስማምተን ኖርን።

ሶስና እስክታለቅስ ሳቀች። «ማሚ፣ ጤነኛ አይደለሽም።» ተናድጄም ቢሆን ሳቅኩ።

ቅዳሜ

ሦስት ሽማግሌዎች መጡ። እኔ እንደ ደንቡ ወጥ ቤት ነኝ፤ የልጅ እናት ሽማግሌ ፊት አትናገርም። የስቶን ማውንቴን ቤቴ ግድግዳው ስስ ነው፣ ሁሉንም እሰማለሁ። ትልቁ፣ አቶ ታደሰ፣ ልጅቷን በወጉ ጠየቁ። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«አቶ ጌታቸው፣ አይቀየሙኝና፣ እኅትዎ ቀድሞ ሥራቸው ምን ነበር?»

«የቻይና ሬስቶራንት ውስጥ ተቀጥራ ነበር» አለ ወንድሜ።

ተቀጥራ። እጄን ሳላደርቅ ወጣሁ።

«ምግብ ቤቱ የቼን ነበር፣ አባቴ። ጭፈራ ቤቱን ያቆምኩት እኔ ነኝ። የሰከረ ሰው መኪና አስነስቶ እንዲሄድ ፈቅጄ አላውቅም። ሁዳዴ ገብቶ አስጨፍሬ አላውቅም። ይህችን ልጅ ያሳደግኳት በዚያ ነው። የሚያሳፍር ካለበት እዚሁ ይንገሩኝ።»

ጌታቸው ምንጣፉን ያያል። አቶ ታደሰ ቀስ ብለው ተነሡ። «እንግዲህ እኛም ተመካክረን እንመለሳለን» አሉ።

ይህ የእኛ ቃል ነበር። ተመካክረን እንነግራችኋለን፣ ሌላ ቀን ኑ የሚለው የሴት ወገን ነው። ከአፋችን ነጠቁን። ምግቡንም ሳይነኩ ሄዱ።

«ልጅቷን አስቀረሻት» አለኝ ጌታቸው።

እሑድ

ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ብቀር ያፈርኩ ይመስላል ብዬ ነው እንጂ ልቤ ለጸሎት አልነበረም። ሁለት ሴቶች ጉንጫቸውን ሳያስነኩ ሰላም አሉኝ። ናሆም ለሶስና አልደወለም። ምነው ምላሴን በቆረጠው ያልኩበት ሰዓት ነበር። ደግሞ ቁጣዬ ተመለሰ።

ማክሰኞ

አቶ ታደሰ ለጌታቸው ደወሉ። ቅዳሜ ይመጣሉ፣ እሺም ይላሉ፣ አንድ ነገር ብቻ፦ ሠርጉ ላይ በእናት ወንበር የጌታቸው ሚስት ትቀመጥ። ጌታቸው ይህንን በስልክ ሲነግረኝ «ለሰላም ሲባል ነው» አለ። ስፒከር ላይ ነበር፣ ሶስናም አጠገቤ ነበረች። ለልጄ ስል እሺ ልል አፌን ከፈትኩ።

ሶስና ስልኩን ወሰደችው። «አጎቴ፣ ቅዳሜ አይመቸንም በላቸው። ተመካክረን እንነግራቸዋለን። እናቴ የማትቀመጥበት ሠርግ ላይ ደግሞ እኔም አልቀመጥም።» ዘጋችበት።

አመሻሹ ላይ ናሆም ራሱ መጣ። ፊቴን ለማየት አፍሮ ነው የሰነበተው። «ሌላ ሽማግሌ ፈልጌ እልካለሁ፣ እማማ» አለኝ። ይፈልግ እንደሆነ፣ ቤተሰቡን ይችል እንደሆነ አላውቅም። አሁን መኪናው ውስጥ ናቸው፣ በመስኮት አያቸዋለሁ። እሷ በሁለት እጇ ትናገራለች፣ እሱ ራሱን ይነቀንቃል። ልጄ ስትቆጣ ሳይ ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው። ደስ አለኝ። ፈራሁላትም።