አልወጣ ያለው የራስ ቁር

ሐረር፣ ጥር 1977 ዓ.ም.

ውድ እትዬ ዘነበች፣

ናዝሬት ተስማማዎት? ጊደር መጋላ ገበያ የበርበሬ ቦታዎን የያዘችው ሴት እንደ እርስዎ አትመርቅም፤ ጭራሽ ደንበኛ ትቆጣለች።

ትናንት ልጄ ሰገነት ያንን የነሐስ ራስ ቁር አጥልቃ ግቢውን ስትዞር አየኋትና ውለታዎ ትዝ አለኝ። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ እሱ ነው።

ያስታውሳሉ፣ የድሬዳዋው ግሪክ ሙሴ ያኒ የጥንት አባቶቻቸው ጦር ሜዳ ያጠልቁት የነበረውን በሥዕል አሳይተው፣ አምስት አስመስዬ እንድሠራላቸው አዘዙኝ። ጆሮና ጉንጭ የሚሸፍን ነገር። የእኔ ጎፈሬ አልገባ ቢል፣ ነሐሱን እያጋልኩ ስቀጠቅጥ ልክ የምወስደው በእርስዎ ራስ ነበር። "ጭንቅላቴን ለግሪክ ሸጥከው!" እያሉ ስንቴ አጥልቀው አወለቁት!

በ1970 የጦርነቱ ጊዜ፣ ሸዋ በር አጠገብ ያለችውን መሥሪያ ቤቴን አብዮት ጥበቃዎች ሲፈትሹ ቁሮቹን ከጆንያ ሥር አገኟቸው።

"የየትኛው ጦር ነው?" አለ አለቃቸው።

"የጥንት ግሪኮች…"

"ግሪክ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ከሱማሌ ጋር ያበረው? ውጣ፣ መኪናው ላይ!"

በዚያ ሰሞን እዚያ መኪና ላይ ወጥቶ የተመለሰ ሰው አላየንም። ባለቤቴ ሙሉ ደግሞ ሰገነትን አርግዛ ነበር።

ያኔ ነው እርስዎ ከገበያ ሲመለሱ የበርበሬ እጅዎን እያራገፉ የገቡት። "እንዴ፣ ይሄ ነው የሚያስፈራችሁ?" ብለው አንዱን ራስዎ ላይ ደፉት። ወዲያው "ኧረ ኡኡ! አልወጣ አለኝ! ልጆቼ ድረሱልኝ!" ብለው ጮኹ። አንዱ ጥበቃ ጎተተ፣ ሌላው ሳሙና ይምጣ አለ። አለቃው "እማማ፣ ዝም ይበሉ!" ቢል፣ "ምን? አልሰማም፣ ጮክ በል!" አሉት። ጥበቃዎቹ ሳቁ። እሱም ሳቀ። "ጠላት ይህን አጥልቆ ከመጣማ ጦርነቱ አለቀ" ብሎ፣ እንዳወልቅልዎት አዝዞኝ ሁሉም ሄዱ።

የመኪናው ድምፅ ሲርቅ በሁለት እጅዎ ይዘው ባንዴ አወለቁት። "ውኃ ስጠኝ" ብለው አንድ ጣሳ ባንድ ትንፋሽ ጨለጡ። ያን ቀን ሳላመሰግንዎት ቀረሁ።

ሙሴ ያኒ አራቱን ወሰዱ። አምስተኛውን፣ የእርስዎን፣ አልሸጥኩም። ይኸው በሹፌሩ በለማ እጅ ልኬልዎታለሁ፤ ከፈለጉ በርበሬ ይስፈሩበት። ሰገነት "አልሰጥም!" ብላ ስታለቅስ፣ "አንቺ አባት ኖሮሽ ያደግሽው እትዬ ዘነበች አንድ ቀን አልወጣ አለኝ ስላሉ ነው" አልኳት። ቁሩን አቅፋ አመጣችልኝ።

ዕድሜዎን ያርዝምልኝ።

ልጅዎ እንደሻው